በወሎ ሕፃን ልጅን በጉዲፈቻ ለማሳደግ፦ ከቤተ ዘመድ ምክክር እስከ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያለው የአሠራር መመሪያ

በወሎ ያልወለዱትን ልጅ ማሳደግ የቆየ ልማድ ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ብዙ ሕፃናት ያደጉት በአክስትና በአጎት፣ በጎረቤትና በማያውቋቸው ደጋግ ሰዎች ቤት ነው፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ባዳረሰ ጊዜም ያለ ወላጅ የቀሩ ልጆችን አስቀድሞ የሰበሰበው ዘመድና ጎረቤት ነበር። ይህ ደግነት በሕግ ካልታሰረ ግን ልጁን አንድ ቀን ለጉዳት ይዳርገዋል። አሳዳጊው በሕይወት እስካለ ድረስ ልጁን «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ አሳዳጊው ሲሞት ግን ሐዘኑ ሳይወጣ የሟች ወንድሞችና እህቶች ስለ ቤቱና ስለ መሬቱ ይነጋገራሉ፣ ያ ሁሉ ዓመት «ልጄ» ሲባል የኖረውም «አሳደገችው እንጂ ልጇ አይደለም» ይባላል። ወራሽነት ይረጋገጥልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ቢቀርብም በፍርድ ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻ ከሌለው መብቱን ማስከበር እጅግ ይቸግረዋል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በደሴና በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በላሊበላ፣ በሐይቅ፣ በኩታበር፣ በወረኢሉም ሆነ በቦረና የሌላ ሰው ልጅ ወስደው ለማሳደግ ላሰቡ፣ ወይም አስቀድመው እያሳደጉ ላሉ ቤተሰቦች ነው።

የትኛው ሕግ እንደሚሠራ ማወቅ

በኢትዮጵያ ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። በደቡብ ወሎና በሰሜን ወሎ፣ እንዲሁም በከሚሴ ዙሪያ ባለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚሠራው የአማራ ብሔራዊ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሲሆን፣ ስለ ጉዲፈቻ የሚደነግገው ከአንቀጽ 180 እስከ 196 ባለው ክፍል ነው። የሁለቱ አዋጆች መሠረታዊ አቋም ይቀራረባል፤ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቁጥሮችና የጊዜ ገደቦች ከፌዴራሉ አዋጅ የተወሰዱ ስለሆኑ፣ በወሎ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ ሰው የክልሉን አዋጅ ከፍርድ ቤቱ ወይም ከፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ ጠይቆ ማንበብና በማመልከቻው ላይም የክልሉን አንቀጽ መጥቀስ ይኖርበታል።

በመጀመሪያ የሚፈልጉትን ዝምድና መለየት

ሰው «ልጄ ነው» ሲል ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ስህተቱም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ያነሡት የክርስትና ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ ከሌላ የወለደው የእንጀራ ልጅ፣ ማር የተቀባ አውራ ጣት ጠብቶ በሽማግሌ ፊት ዝምድና የተመሠረተለት የጡት ልጅ፣ ከገጠር መጥቶ በአክስቱ ቤት እየኖረ የሚማር ልጅ፣ ወላጆቹ ሞተው በአደራ የተሰጠ የሙት ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ በዕለት ኑሮ «ልጅ» ይባላሉ፣ አሳዳጊዎቻቸውም ብዙዎቹን «የማደጎ ልጄ» ይሏቸዋል። በሕግ ፊት ግን ከእነዚህ አንዱም በራሱ ጉዲፈቻ አይደለም። ጉዲፈቻ ማለት በአሳዳጊውና በልጁ አሳዳሪ (በሕግ ልጁን በሚጠብቀው ወላጅ ወይም ዘመድ) መካከል በሚደረግ ስምምነት ተመሥርቶ በፍርድ ቤት የሚጸድቅ ዝምድና ሲሆን፣ ከጸደቀ በኋላ ልጁ ለማናቸውም ጉዳይ እንደ አሳዳጊው ልጅ ይቆጠራል። ቀለብ ይጠይቃል፣ ይወርሳል፣ በአሳዳጊው ሥልጣን ሥር ይሆናል፤ አሳዳጊውም «ይበቃኛል፣ ውሰዱት» ማለት አይችልም።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ጉዲፈቻ ልጁን ከተወለደበት ቤተሰብ አይቆርጠውም። ልጁ ከወላጆቹ፣ ከወንድሞቹና ከአያቶቹ ጋር ያለውን ዝምድና እንደያዘ ይቀጥላል፣ የሁለቱ ቤተሰቦች መብት ሲጋጭ ብቻ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ቅድሚያ ያገኛል። «ከሰጠሁት በኋላ ዐይኑን አላይም» ብላ የምትፈራ አያት ይህን ስትሰማ ፍርሃቷ ይቀላል፤ ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ውይይት ላይ ሊነገራት ይገባል።

የሚፈለገው የልጁን አስተዳደግና ትምህርት መምራት ብቻ ከሆነ ግን አሳዳሪነት ሊበቃ ይችላል። በሕጉ አሳዳሪ ማለት የልጁን አካልና አስተዳደግ የሚጠብቅ ሲሆን፣ ሞግዚት ደግሞ ንብረቱን የሚያስተዳድርና በጥቅም ጉዳይ የሚወክለው ነው፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ሁለቱም ወላጆች ሲሞቱና በኑዛዜ የተሰየመ ሰው ሳይኖር ሲቀር ሕጉ ኃላፊነቱን በቅድሚያ ለአያቶች፣ ቀጥሎ አካለ መጠን ለደረሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያም ለአጎትና ለአክስት ይሰጣል። የሟች ወላጆችን የባንክ ሒሳብ ለማንቀሳቀስ ወይም በልጁ ስም ያለን ቤት ለማከራየት የሚያስፈልገው የሞግዚትነት ማረጋገጫ ነው። የሞግዚትነት ወረቀት ይዞ «ልጄ አድርጌዋለሁ» የሚል ሰው ግን ተሳስቷል፤ ሞግዚትነት ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል፣ ውርስም አያመጣም።

በእስልምና ለሚተዳደሩ ቤተሰቦች የሚሆን አማራጭ

የወሎ ሕዝብ አንዱ ጉልህ ክፍል ሙስሊም እንደመሆኑ ይህ ጉዳይ በሰፊው መነሣት አለበት። በእስልምና የቲምን (የሙት ልጅን) ማሳደግ ከታላላቅ በጎ ሥራዎች የሚቆጠር ነው፤ ነገር ግን ልጁን ከወላጅ አባቱ ስም አውጥቶ በአሳዳጊው ስም መጥራትና እንደ ሥጋ ልጅ ወራሽ ማድረግ አይፈቀድም። በመሆኑም ለሃይማኖቱ ሥርዓት የሚጠነቀቅ ሰው በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ጉዲፈቻ ከመመሥረት ይልቅ የከፋላን መንገድ ይመርጣል፣ ይኸውም ልጁን የአባቱን ስም እንደያዘ ማሳደግ፣ ማስተማርና መንከባከብ ነው።

ይህ ምርጫ የልጁን ነገ ባዶ እንዳያስቀረው በወረቀት መደገፍ አለበት። አንደኛ፣ አሳዳጊው የአሳዳሪነትና የሞግዚትነት ማረጋገጫ በፍርድ ቤት ያውጣ። ሁለተኛ፣ በሸሪዓው የተፈቀደውን እስከ ሲሶ የሚደርስ ኑዛዜ ለልጁ ያድርግ፣ ወይም በሕይወት ሳለ በስጦታ ያስተላልፍለት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል የማዋዋል ሥልጣን ያለው ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ለዚህ ዓይነት ኑዛዜ በሸኹ ፊት በቃል መናገር አይበቃም። በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት የሚቻለው ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሲስማሙ ብቻ ስለሆነ፣ ነገ ወራሽ ነኝ ባዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ቢሄድ እንኳ ኑዛዜው ሊቆም በሚችልበት ሥርዓት መሠራት አለበት። ሸኹና የአገር ሽማግሌዎች ከምስክሮቹ መካከል ቢሆኑ በጣም ጥሩ ነው።

የኑዛዜው መንገድ ለክርስቲያኑም ክፍት ነው፣ በተለይም ያሳደገው ልጅ 18 ዓመት ላለፈው ሰው። ጉዲፈቻ አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ጊዜው ያለፈበት አሳዳጊ እጁ ላይ ያለው መሣሪያ ኑዛዜና ስጦታ ነው። የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ ተናዛዡ መስጠት የሚችለው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው፣ የገጠር መሬት ይዞታ ደግሞ በመሬት አዋጁ የራሱ ደንብ ስላለው አስቀድሞ የወረዳውን መሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ብቃትን ማጣራት

ጉዲፈቻ የሚያደርግ ሰው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት አብረው ሲያደርጉ ከሁለቱ አንዱ 25 ዓመት ቢሞላው ይበቃል። ያገባ ሰው ብቻውን ማድረግ አይችልም፣ ሁለቱም የስምምነቱ ተዋዋይ መሆን አለባቸው። ከዚህ የሚወጡት የትዳር ጓደኛውን ልጅ በጉዲፈቻ የሚያደርግ ሰውና የትዳር ጓደኛው ፈቃዱን ለመግለጽ በማይችልበት ሁኔታ ላይ የሚገኝበት ሰው ናቸው። ባል ዐረብ አገር ሆኖ ሚስት ብቻዋን ፍርድ ቤት ብትቀርብ የሚገጥማት እንቅፋት ይኸው ስለሆነ፣ ባልየው ለዚሁ ጉዳይ ተለይቶ የተሰጠና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተረጋገጠ ውክልና አስቀድሞ ይላክ።

የራስ ልጅ መኖር ጉዲፈቻን አይከለክልም። የተፀነሰ ልጅንም በጉዲፈቻ ለመቀበል መስማማት ይቻላል፣ ሆኖም እናቲቱ ከወለደች በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ሐሳቧን ልትለውጥ ትችላለች። የውጭ ዜጋ ኢትዮጵያዊ ሕፃን በጉዲፈቻ እንዲወስድ ይፈቅድ የነበረው ድንጋጌ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ቀርቷል። ስለዚህ «ልጁን ውጭ የሚወስድ ቤተሰብ አግኝቼለታለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ የሚኬደው ወደ ፖሊስ ነው።

ከብቃቱ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ዓላማው ነው። ከገጠር ቀበሌዎች ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ «እንደ ልጄ አስተምራታለሁ» እየተባለች የምትመጣ ልጅ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ እንጀራ ስትጋግር፣ የቤቱ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ እሷ ውኃ ልትቀዳ የምትወርድ ከሆነች ይህ ልጅነት አይደለም። አገልግሎት የሚፈልግ ሰው ሠራተኛ በደመወዝ ይቅጠር፣ የልጅን ስም ለዚህ ማዋል ነውር ነው። ሕጉም ይህን አጥብቆ ይመለከታል። ጉዲፈቻ በምንም ምክንያት አይፈርስም ከተባለ በኋላ ብቸኛ ሆኖ የቀረው መነሻ፣ አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጁ በመንከባከብ ፈንታ እንደ ባሪያ ወይም ባርነትን በሚመስል ሁኔታ የያዘው እንደሆነ፣ ለጥቅም ሲል ነውረኛ በሆነ ተግባር ያሰማራው እንደሆነ፣ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ በማናቸውም ሌላ ሁኔታ የያዘው እንደሆነ ነው። እንዲህ ሲሆን ልጁ ራሱ፣ የሕፃናትን ደኅንነት የሚከታተለው የመንግሥት አካል ወይም ሌላ ያገባኛል የሚል ሰው ጉዲፈቻው እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል።

ከልጁና ከቤተ ዘመዱ ጋር መነጋገር

የአባትና የእናት ፈቃድ ግድ ነው። ሁለቱም በሕይወት ካሉና ከታወቁ ሁለቱም መስማማት አለባቸው፤ አንዱ ከሞተ፣ ከጠፋ ወይም ፈቃዱን መግለጽ ካልቻለ የሌላው ፈቃድ ይበቃል። አንዱ ወላጅ እምቢ ባለ ጊዜና ልጁ አሥር ዓመት የሞላው እንደሆነ ፍርድ ቤቱ የሌላውን ወላጅና የልጁን አስተያየት ሰምቶ ሊያጸድቀው ይችላል። ሁለቱም በሌሉበት ከላይ እንደተገለጸው አሳዳሪው ይዋዋላል፤ አያት ካለች ከአያት ጋር መሆኑ ነው። አሳዳሪነቷ በፍርድ ቤት ካልተረጋገጠ መጀመሪያ ይህን ማስረጃ ማውጣት ጊዜ ይቆጥባል።

አባትየው «የት እንደሄደ አይታወቅም» በሚባልበት ጊዜ መጠንቀቅ ያሻል። በጅቡቲ በኩል ተሻግሮ ሳዑዲ የገባ፣ ወይም ለሥራ መተማ ወርዶ የቀረ አባት ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ልጁን ይጠይቃል። ስለዚህ በዘመድ በኩል ተፈልጎ ከተገኘ ፈቃዱ በጽሑፍ ይያዝ፣ ካልተገኘም መፈለጉን የሚመሰክሩ ሰዎችና የቀበሌ ማስረጃ በመዝገቡ ይቀመጥ። እዚህ ላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ሊታወቅ ይገባል። በዚያ ጉዳይ ክርክሩ በወላጅ አባትና ልጁን ባሳደገች አክስት መካከል የነበረ ሲሆን፣ ችሎቱ የሕፃኑን ጥቅም ከአባትነት ሥልጣን አስቀድሞ ልጁ ከአክስቱ ጋር እንዲቆይ ወስኗል። ውሳኔው ስለ ጉዲፈቻ የተሰጠ አይደለም፤ ዳኞች በማናቸውም የሕፃን ጉዳይ በመጀመሪያ የሚመዝኑት ምን እንደሆነ ግን በግልጽ ያሳያል።

ልጁን ማነጋገር የወግ ነገር ተደርጎ መታለፍ የለበትም። ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ የት እንደሚኖር፣ ማንን «እማዬ» እንደሚል፣ እህቶቹ የት እንደሚቀሩ ይጠይቃል፣ መልስም ይገባዋል። ወንድማማቾችንና እህትማማቾችን መለየት የመጨረሻ አማራጭ ቢሆን ይመረጣል። ልጁ በጉዲፈቻ መምጣቱን ከእሱ መደበቅም አይጠቅምም፤ በወሎ መንደር የማይታወቅ ነገር የለም፣ ልጁም አንድ ቀን ከጎረቤት ልጅ አፍ በስድብ መልክ መስማቱ አይቀርም። ካሳደጉት ሰዎች አፍ፣ ገና በልጅነቱ፣ በፍቅር ቢሰማው ይሻላል።

በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ደጅ፣ በመናኸሪያ ወይም በሆስፒታል ተጥሎ የተገኘ ሕፃንን አንስቶ ቤት መውሰድና ዝም ማለት ግን አይቻልም። ለፖሊስና ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ማሳወቅ፣ ሕፃኑን የማሳደግ ፍላጎት ካለም ይህንኑ እዚያው ማስመዝገብ ያስፈልጋል። በማሳደጊያ ተቋም ያለ ልጅም ቢሆን በዚሁ ጽሕፈት ቤት በኩል ነው የሚጠየቀው። በየትኛውም መንገድ ለወላጅ ወይም ለአገናኝ ገንዘብ መክፈል በወንጀል ያስጠይቃል።

ስምምነቱን መጻፍ

ብዙ ቤተሰቦች ጋ የሚገኘው ወረቀት ከደብተር የተቀደደ ገጽ ነው፤ በላዩ የሦስት አራት ሽማግሌዎች ፊርማ፣ የእናቲቱ የጣት አሻራ በሐምራዊ ቀለም፣ አንዳንዴም የቅሬው (የዕድሩ) ሊቀመንበር ስም ይታያል፣ በፌስታል ተጠቅልሎም ከሣጥን ሥር ይቀመጣል። ይህ ወረቀት ዋጋ የለውም ብሎ መጣል አይገባም። ጉዲፈቻ አይደለም፣ ነገር ግን ልጁ ገና 18 ዓመት ካልሞላው የወላጆቹን ፈቃድና የቆየውን አስተዳደግ የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ስለሆነ ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ይቅረብ።

አዲሱ ስምምነት ረጅም መሆን አያስፈልገውም። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«እኛ ____ እና ____ የተባልን ባልና ሚስት፣ በ____ ዓ.ም. የተወለደችውን ሕፃን ____ን በሕግ አሳዳሪዋ ከሆኑት ከአያቷ ከወይዘሮ ____ ጋር በመስማማት በጉዲፈቻ ልጃችን አድርገን ተቀብለናታል። እንደ አብራካችን ክፋይ ልናሳድጋት፣ ልናስተምራትና ልናሳክማት፣ በውርስም ከወለድናቸውና ከምንወልዳቸው ልጆች ሳትለይ እኩል ልትሆን ተስማምተናል። የመጠሪያ ስሟ አይለወጥም። አያቷንና እህቶቿን ከመጠየቅና በበዓል አብራቸው ከመዋል አትከለከልም። እኔ አያቷ ወይዘሮ ____ ይህን በሙሉ ፈቃዴ፣ ምንም ክፍያ ሳልቀበል ተስማምቻለሁ። ይህ ስምምነት የሚጸናው በፍርድ ቤት ሲጸድቅ ነው።»

ከሥሩ ቀን፣ የተዋዋዮችና የምስክሮች ሙሉ ስምና ፊርማ ይከተላል። «ልጁ ሲያድግ እንዲጦረን» ወይም «በእርሻ ሥራ እንዲያግዘን» የሚል ቃል መግባት የለበትም፤ ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ስምምነቱ ለልጁ ምን እንደሚጠቅመው እንጂ አሳዳጊው ምን እንደሚያገኝ አይደለምና። የልጁ የራሱ ንብረት፣ ከወላጆቹ የወረሰው ቤት ወይም መሬት ካለ፣ ዝርዝሩ በስምምነቱ ወይም በአባሪ ቢጻፍ ነገ ከሚነሣ ጥርጣሬ ሁሉንም ያድናል።

መዝገብ መክፈት

ማመልከቻው ልጁ ወይም አሳዳጊዎቹ ለሚኖሩበት ወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የትኛው ችሎት እንደሚያየው የሬጅስትራር ሠራተኛው ይነግራል። ከማመልከቻው ጋር በአብዛኛው የሚጠየቁት የአመልካቾች መታወቂያ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ወላጅ ሞቶ ከሆነ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የአሳዳሪነት ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ማስረጃና የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ ናቸው። ገበሬ የደመወዝ ወረቀት ስለሌለው የመሬት ይዞታ ደብተሩን ቅጂና የቀበሌውን ማረጋገጫ ማቅረብ ይችላል።

ችግር የሚፈጠረው በልደት ምስክር ወረቀቱ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህ በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ የገጠር ልጆች ሳይመዘገቡ ቀርተዋል፣ በኋላ የተወለዱትም ያልተመዘገቡ አሉ። ይህን ለማቃለል ሲባል ልጁን አሳዳጊዎቹ እንደወለዱት አድርጎ ማስመዝገብ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ሐሰተኛ ምዝገባ ወንጀል ነው፣ ተቃዋሚ በተነሣ ጊዜም የሚፈርሰው የልጁ መብት ነው። የክርስትና ወይም የክትባት ካርድ፣ ካልሆነም የምስክሮችን ቃል ይዞ በእውነተኛ ወላጆቹ ስም በዘገየ ምዝገባ ማስመዝገብ ይቻላል።

በፍርድ ቤት የሚሆነው

ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን አይቶ ብቻ ማኅተም አይመታም። አሳዳጊው ልጁን ለማሳደግ ያለውን አቅምና ችሎታ፣ የልጁን አስተያየት፣ አስቀድሞ ያልተሰማ ከሆነም የአሳዳሪውን ወይም የሞግዚቱን ሐሳብ ይመረምራል፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤቱን ጎብኝቶ ሪፖርት እንዲያቀርብ ሊያዝም ይችላል። ባለሙያው ሲመጣ ቤቱን ለዚያን ቀን ማሳመር አያስፈልግም። የሚያየው ልጁ የት እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ትምህርት ቤት መሄድ አለመሄዱን ነው፣ ልጁንም ለብቻው ያነጋግረዋል። በቀጠሮው ቀን ሁሉም ተዋዋዮች በአካል ይቅረቡ፤ አያቲቱ አቅመ ደካማ ከሆነች ይህንኑ ለፍርድ ቤቱ አስቀድሞ ማመልከት ይቻላል።

የአሳዳጊው ወላጆችና የጎን ዘመዶች ጉዲፈቻውን የሚቃወሙ ከሆነ ጉዲፈቻው ከጸደቀ ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ተቃውሟቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ማስመዝገብ ይችላሉ። ይህን ሲያደርጉ ጉዲፈቻው በእነሱ ላይ ውጤት አይኖረውም፣ ማለትም ልጁ በአሳዳጊዎቹና በእነዚያ ዘመዶች መካከል ባለው ዝምድና ሊጠቀም አይችልም፤ በራሱ በአሳዳጊው ላይ ያለው መብት ግን አይነካም። ሳያስመዘግቡ ዓመቱ ካለፈ «እኛ አልተስማማንም ነበር» የሚለው ቃል ዋጋ የለውም። ስለዚህ የሟቹ ወንድም ከዓመታት በኋላ ይህን ቢያነሣ መመለስ የሚቻለው ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን በማሳየት ነው።

ከውሳኔው በኋላ

ውሳኔው እንደተሰጠ በፍርድ ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ በሦስት ወይም በአራት ቅጂ ይውሰዱ። አንዱን ይዘው ወደ ቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ጉዲፈቻም ይመዘገባል። ሁለተኛው ቅጂ ለትምህርት ቤት፣ ሌላው የገጠር ነዋሪ ከሆኑ ልጁ የቤተሰብ አባል ሆኖ እንዲያዝ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይቅረብ። በወሎ ገጠር ክርክሩ የሚነሣው ከሁሉ በላይ በመሬት ላይ ስለሆነ ይህን ጉዳይ ለነገ አያሳድሩ። አሳዳጊው ደመወዝተኛ ከሆነ በመሥሪያ ቤቱ የግል ማኅደር ውስጥ ልጁን በቤተሰብ ዝርዝር ያስመዝግብ።

የመዝገቡን ቁጥርና ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን ከቤተሰቡ ውጭ የሚያውቅ አንድ የታመነ ሰው ቢኖር ይመከራል፤ የቅሬው ጸሐፊ፣ የነፍስ አባት ወይም የሰፈሩ ሸኽ ሊሆን ይችላል። ቤት ቢቃጠል ወይም ጦርነት ቢያፈናቅል ግልባጩ ይጠፋል፣ የመዝገብ ቁጥሩ ካለ ግን ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት እንደገና ማውጣት ይቻላል። ልጁ ማንበብ ሲችል አንዱን ቅጂ በራሱ ስም በፖስታ አድርገው ይስጡት፣ የመዝገብ ቁጥሩንም ያሳዩት።